ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ስሜ ግን የለበትም

የተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ እናት ስሆን፣ ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሕንፃ አማካሪ ድርጅት ውስጥ በስትራክቸራል መሐንዲስነት መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ በሥራዬም ተወቅሼ አላውቅም። ሆኖም ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት በምናደርገው የቴክኒክ ስብሰባ ላይ የሚያጋጥመኝን ነገር ለማንም በቅጡ ማስረዳት ስላቃተኝ ለእርስዎ ለመጻፍ ወሰንኩ።

በጠረጴዛው ዙሪያ የምንቀመጠው ዘጠኝ ሰዎች ስንሆን፣ ከመካከላችን ሴቶቹ እኔና በቅርቡ ተመርቃ የመጣች አንዲት ልጅ ብቻ ነን። ከሦስት ሳምንት በፊት ሲኤምሲ አካባቢ ለሚሠራ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ የመሠረቱ ጥልቀት ሲወሰን፣ ቦታው መረሬ አፈር ያለበት መሆኑን፣ መረሬ ደግሞ ክረምት ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ በጋ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ በመሆኑ ከሁለት ጉድጓድ ብቻ በተወሰደ ናሙና መወሰን እንደማይገባንና ተጨማሪ የአፈር ምርመራ መደረግ እንዳለበት ተናገርኩ። አንድም ሰው መልስ አልሰጠኝም። አንዱ ስልኩን ይነካካ ነበር፤ ሌላው ስለ ብረት ዋጋ ማውራት ጀመረ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየ አንድ ወንድ ባልደረባዬ ያንኑ ሐሳብ፣ ከነምክንያቱ፣ ደገመው። አለቃችን እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ «ሐሳብ ማለት ይኼ ነው!» አለ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው ሁልጊዜም እኔ ስለሆንኩ፣ የባልደረባዬን ስም በገዛ እጄ ጻፍኩት።

እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው አይደለም። ባልደረባዬ ግን ክፉ ሰው አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ሆስፒታል በተኛችበት ወር የእኔን ሥራ ደርቦ የሠራልኝ እርሱ ነው። ስለዚህ ሆን ብሎ ያደርገዋል ለማለት አልደፍርም።

በቤተሰብ መካከልም ነገሩ ያው ነው። እሑድ አራት ኪሎ አማቶቼ ቤት ቡና ስንጠጣ፣ አማቴ በግቢያቸው ሊያሠሩት ስላሰቡት ተጨማሪ ክፍል የሚያማክሩት ባለቤቴን ነው። ባለቤቴ የሒሳብ ባለሙያ ነው። እርሱ ወደ እኔ ዞር ብሎ ይጠይቀኛል፤ የነገርኩትንም መልሶ ይነግራቸዋል፤ እርሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙታል። እኔ የተቀመጥኩት ከእርሳቸው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ቅሬታዬን ለባለቤቴ ስነግረው «አንቺም ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተናገሪ» ይለኛል። ከፍ ሳደርግ ደግሞ «ምን ሆና ነው የተቆጣችው?» እባላለሁ።

በሚቀጥለው ወር ለአንድ ትልቅ ፕሮጀክት የቡድን መሪ ይሰየማል፤ ከታሰቡት ሰዎች አንዱ ይኸው ባልደረባዬ መሆኑን ሰምቻለሁ። ለእርሱ ልንገረው? ለአለቃዬ ልናገር? «ቀንታ ነው» ብባልስ? ወይስ ዝም ብዬ ደመወዜን እየተቀበልኩ ልኑር? ሌላ ድርጅት ብሄድ፣ እዚያም ይኸው ቢጠብቀኝስ?

የማክሰኞዋ፣ ከሰንጋ ተራ


ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ ዓይኔ እየተመለሰ የሚያርፈው የባልደረባሽን ስም በገዛ እጅሽ እንደጻፍሽ በነገርሽኝ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። እኔም በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ተብዬ ለስድስት ዓመት የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። ሥራውን ስለቅ ፋይሎቹን ለተተኪዬ ለማስረከብ አንድ በአንድ ስገልጥ ስሜን ፈለግኩት። ያገኘሁት በየገጹ ግርጌ፣ ከፊርማዬ አጠገብ ብቻ ነበር። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ተናግሬአለሁ፤ ተከራክሬአለሁ፤ አንዳንዴም የኮሚቴውን ሐሳብ አስለውጫለሁ፤ ጽፌ ያስቀመጥኩት ግን ሌሎች ያሉትን ነው። ያን ቀን የተሰማኝን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ በዚህ ምክንያት ደብዳቤሽን ከሩቅ ሆኜ ማንበብ አልቻልኩም።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ያልሰማ የአገራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የምንረዳው ሴትን አላዋቂ እንደሚያደርግ አባባል ነው፤ ቀረብ ብለሽ ስታዪው ግን እንዲህ አይልም። ሴቷ ማወቋን አምኖ ይነሣል። የሚከለክላት ማወቅን ሳይሆን መጨረስን ነው፤ ነገሩ እልባት የሚያገኘው በወንድ አፍ ሲነገር ነው ይላል። በማክሰኞው ስብሰባችሁ ላይ የሆነውም በትክክል ይኸው ነው። ሐሳብሽ ደካማ ቢሆን ኖሮ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲደገም ባልተወደሰ ነበር። ዕውቀትሽ ተፈትኖ አልወደቀም፤ ማኅተም የተመታበት በሌላ ሰው እጅ ሲደርስ ነው እንጂ። ይህን ልዩነት አጥብቄ የምይዘው መድኃኒቱ የሚለየው በዚህ ስለሆነ ነው። የጎደለው ዕውቀት ቢሆን ተጨማሪ ትምህርት ተማሪ እልሽ ነበር፤ የጎደለው ድምፅ ቢሆንም እንደ ባለቤትሽ ከፍ አድርገሽ ተናገሪ እልሽ ነበር።

በነገራችን ላይ ድምፅ ከፍ ማድረግ መፍትሔ ቢሆን ኖሮ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሴት ዳኞች ችግሩ ባላገኛቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ቶንያ ጃኮቢና ዲላን ሽዌርስ የተባሉ ተመራማሪዎች የዚያን ፍርድ ቤት የቃል ክርክር መዝገቦች መርምረው፣ ሴት ዳኞች ከወንዶቹ ዳኞች እጅግ በበለጠ ንግግራቸው እንደሚቋረጥ፣ የሚያቋርጧቸውም ባልደረቦቻቸው ብቻ ሳይሆኑ ፊታቸው ቆመው የሚከራከሩ ጠበቆች ጭምር መሆናቸውን አሳዩ። በአገሪቱ የመጨረሻው የዳኝነት ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ድምፅ ወይም ሥልጣን ጎድሏት ነው ሊባል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ፍርድ ቤቱ ዳኞቹ በሹመት ቅደም ተከተላቸው ተራ በተራ የሚጠይቁበት ጊዜ በክርክሩ ውስጥ እንዲኖር አደረገ፤ ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮርም ለለውጡ ከምክንያቶቹ አንዱ እንዲህ ያሉት ጥናቶች እንደነበሩ በአደባባይ ተናግረዋል። ልብ በይ፤ ሴቶቹ እንዲጮኹ አልተመከሩም። የተስተካከለው የንግግሩ ተራ ነው።

ስለዚህ እኔ የማማክርሽ ጉሮሮሽን ሳይሆን ስብሰባውን ስለ መለወጥ ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን ጥቂት ጥያቄዎች ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጪው የት ነው? ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ሰብሳቢው ሰዎችን ሲቃኝ ዓይኑ እርሱ ላይ አያርፍም፤ ካረፈም «ይህን ጻፊው» ለማለት ነው። ስለ መረሬው ስትናገሪስ ሐሳብሽን የጀመርሽው በውሳኔው ነው ወይስ በምክንያቱ? በጨዋ ደንብ ያደግን ሴቶች «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ ግን...» ብለን መግባት፣ ከዚያም ምክንያቱን በረጅሙ ዘርዝረን ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ ማምጣት ለምዶብናል፤ ዋናው ነገር ሲመጣ ደግሞ ሰሚው ሄዷል። ይህን የምልሽ ጥፋቱ ያንቺ ነው ለማለት ፈጽሞ አይደለም። ከሰባቱ ወንዶች መካከል እንዲያ ተናግሮ የሚደመጥ ስላለ፣ ችግሩ ሙሉ በሙሉ የአነጋገር እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ነገር ግን በእጅሽ ያለውንና ነገ ማለዳ ልትለውጪው የምትችይውን ነገር ለይተን ማወቅ ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ቃለ ጉባኤው እንመለስ፤ በእኔ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነው። ብዕሩ በእጅሽ ሆኖ ሳለ የጻፍሽው እውነት ግማሽ ነበር። ሐሳቡ የተነሣው ባንቺ መሆኑን እያወቅሽ የደገመውን ሰው ስም ብቻ አሰፈርሽ፤ ለምን እንዳደረግሽው ይገባኛል፤ የራስን ስም በራስ እጅ መጻፍ ይሉኝታ ያስይዛል፤ «ራሷን ከፍ ልታደርግ ነው» ይባላል ብለሽ ፈርተሻል። ይሁን እንጂ የመሐንዲሶች ቃለ ጉባኤ የምስጋና መዝገብ አይደለም። ያ ሕንፃ ከዓመታት በኋላ ግድግዳው ቢሰነጠቅ፣ የአፈር ምርመራውን ጉዳይ ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንዳነሣ የሚጠየቀው ከዚያ ወረቀት ነው። ትክክለኛውን ማስፈር የሙያ ግዴታሽ ነው። ከዚህ በኋላ ተመሳሳይ ነገር ሲያጋጥምሽ «ሐሳቡ በመጀመሪያ በእገሊት ቀርቦ፣ በእገሌ ተደግፎ፣ በስብሰባው ጸድቋል» ብለሽ ጻፊው፤ የደገመውንም ሰው ድርሻ አትቀንሺ፤ መደገፍም አስተዋጽኦ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነቦ ሲጸድቅ ያ ዓረፍተ ነገር በሁሉም ፊት ይነበባል፤ ማንም ሰው ቅሬታ ካለው የሚናገርበት ደንበኛው ጊዜ ያ ነው። የሦስት ሳምንቱን ግን ተፈርሞ ከሆነ ተዪው፤ የተዘጋ ፋይል ከፍቶ መሟገት ከሚያስገኝልሽ ይልቅ የሚያሳጣሽ ይበልጣል።

ከዚህም ጋር፣ ብዕሩን ሁልጊዜ አንቺ መያዝሽ ራሱ መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ። የሚጽፍ ሰው እያዳመጠ ነው፤ የሌላውን ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ የእርሱ ጊዜ ያልፋል። ዘጠኝ ሰዎች ካላችሁ ተራው በዘጠኝ ሳምንት አንዴ ይደርሳል፤ ለማንም አይከብድም። «እስካሁን እኔ ስይዝ ቆይቻለሁ፤ ከሚቀጥለው ማክሰኞ ጀምሮ በተራ ብናደርገው እኔም በውይይቱ በደንብ ልሳተፍ እችላለሁ» የሚለው ንግግር ማንንም አያስቀይምም።

ስለ ባልደረባሽ የጻፍሽውን ወድጄዋለሁ። የእናትሽን ሕመም አስታውሰሽ፣ በተበሳጨሽበት ሰዓት እንኳ ውለታውን አልረሳሽም። እኔም ሆን ብሎ ነው ብዬ አልፈርድበትም። በስብሰባ ላይ ተራውን የሚጠብቅ ሰው የሚለውን ነገር በልቡ እያሰናዳ ስለሚቆይ፣ ከእርሱ አስቀድሞ የተነገረውን በደንብ እንደማይዝ፣ አንዳንዴም ከሌላ የሰማውን ሐሳብ ራሱ እንዳፈለቀው አድርጎ በቅን ልቡና እንደሚያስታውስ የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ደጋግመው ያረጋገጡት ነገር ነው። በእርግጥ ይህ ማብራሪያ አንድ ጥያቄ ይተዋል፤ እንዲህ ሳይታወቅ የሚወሰደው ብዙ ጊዜ የሴቷ ሐሳብ የሚሆነው ለምንድን ነው? መልሱን ከእርሱ ብቻ መጠበቅ ግን ፍትሐዊ አይሆንም፤ ስምንቱም ሰዎች ሰምተው ዝም ብለዋል።

ለእርሱ ንገሪው ወይ ላልሽው፣ አዎ ንገሪው ነው መልሴ፤ ደግሞም የቡድን መሪው ከመሰየሙ በፊት ንገሪው። ከተሰየመ በኋላ ከተናገርሽ፣ ሐቁ ምንም ይሁን ምን በቅናት ይተረጎማል። በቢሮ ውስጥ ሳይሆን ሜክሲኮ አካባቢ ከሚገኙት ካፌዎች በአንዱ ማኪያቶ ይዛችሁ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ ክስ በሌለው ቃል ጠይቂው። «ስለ መረሬው ያነሣኸውን ሐሳብ ከሩብ ሰዓት በፊት እኔ ተናግሬው ነበር፤ አልሰማኸኝም ነበር?» በይውና ዝም ብለሽ መልሱን ጠብቂ። የሚደነግጥ ይመስለኛል። ከደነገጠ፣ የምትፈልጊውን ነገር ግልጽ አድርገሽ ንገሪው፤ ይቅርታ ሳይሆን ከእንግዲህ ሐሳብሽን ሲቀጥልበት «እሷ እንዳለችው» ብሎ እንዲጀምር ጠይቂው። ሳቅ ብሎ ካቃለለው ወይም «ታዲያ ምን ለውጥ አለው?» ካለሽ ደግሞ ያም መልስ ነው፤ ከእርሱ ጋር ያለሽን የሥራ ግንኙነት በዚያ መለካት ትችያለሽ። በስብሰባው ላይ ወዲያው ቢደገምብሽም አትቆጪ፤ «ሐሳቤን ስለደገፍክልኝ አመሰግናለሁ፤ እኔ የምለው ተጨማሪ አራት ጉድጓድ ይቆፈርና ውጤቱ ሲመጣ ጥልቀቱን እንወስን ነው» ብለሽ ተቀበይው። ተረቱ ከሴት የነጠቀው መጨረሻውን ነው ብዬሽ ነበር፤ መጨረሻውን መልሰሽ የምትይዢው እንዲህ ነው።

ወደ አለቃሽ ስትሄጂ ግን በደል ይዘሽ አትሂጂ፤ የስብሰባ አሠራር ይዘሽ ሂጂ። አለቆች ቅሬታ ሲሰሙ አስታራቂ ይሆናሉ፤ የሥራ ሐሳብ ሲሰሙ ደግሞ ወሳኝ ይሆናሉ። የሚወሰኑት ነገሮች ሰኞ በጽሑፍ እንዲሰራጩና ሁሉም አስተያየቱን በአንድ ገጽ አስቀድሞ እንዲልክ፣ ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊትም ሰብሳቢው ዘጠኙንም ሰው በየተራ «አንተስ? አንቺስ?» ብሎ እንዲጠይቅ ሐሳብ አቅርቢ። ለምን ብሎ ከጠየቀሽ፣ ለሴቶች ውለታ ለመዋል እንዳልሆነ የምታስረጂበት ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 አኒታ ዎሊና ባልደረቦቿ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ 699 ሰዎችን ከሁለት እስከ አምስት አባላት ባሏቸው ቡድኖች መድበው የተለያዩ ሥራዎችን አሠሯቸው። የቡድኑ ብቃት ከአባላቱ አማካይ የማሰብ ችሎታ ጋርም ሆነ በመካከላቸው ካለው እጅግ ብልህ ሰው ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ሆኖ ተገኘ። ጠንክሮ የታየው ግንኙነት አባላቱ የሌላውን ስሜት ከማንበብ ችሎታቸው፣ የንግግር ተራው በጥቂት ሰዎች ካለመያዙና በቡድኑ ውስጥ ካሉት ሴቶች ድርሻ ጋር ነበር። በእናንተ ቋንቋ ብናገረው፣ አለቃሽ ዘጠኝ መሐንዲስ ቀጥሮ በአራት መሐንዲስ ጭንቅላት እየወሰነ ነው።

አንድ ሌላ ጥናትም ልጥቀስልሽ፤ ምክንያቱም ያንቺን ጠረጴዛ የሚመስል ነው። ክሪስቶፈር ካርፖዊትዝ፣ ታሊ ሜንደልበርግና ሊ ሼከር እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ሥራ አምስት አምስት ሰዎች ያሏቸውን 94 ቡድኖች ያጠና ነበር። ሴቶች በቁጥር አንሰው ውሳኔው በድምፅ ብልጫ በሚሆንባቸው ቡድኖች ሴቶቹ ከድርሻቸው እጅግ ያነሰ ጊዜ ይናገሩ ነበር፤ ሴቶች አናሳ ሆነው ሳለ ውሳኔው የሁሉንም ስምምነት እንዲጠይቅ ሲደረግ ግን ልዩነቱ ጠፋ። የሁሉም ቃል ካስፈለገ የሁሉም ቃል ይፈለጋል ማለት ነው። ዘጠኙን ሰው በየተራ መጠየቅ ያልኩሽ ከዚህ የተነሣ ነው። በአገራችንም በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከ20 ሚኒስትሮች አሥሩ ሴቶች ሲሆኑ ብዙዎቻችን በደስታ ቆጥረናል፤ እኔም ቆጥሬአለሁ። መቀመጫ መቁጠር ግን ቀላሉ ነው። በተቀመጠችበት ስትናገር ምን ይሆናል የሚለውን የሚቆጥር የለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 በሥራና በዕድገት እኩልነትሽን ቢያረጋግጥልሽም፣ ተናግረሽ ዝም መባልሽን ይዘሽ የምትሄጂበት ችሎት የለም።

አለቃሽን ልታነጋግሪው ስትገቢ የምትናገሪው ሌላ ነገርም አለሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ ባልደረባሽ ለቡድን መሪነት መታሰቡን ነገርሽኝ፤ አንቺ ቦታውን ትፈልጊው እንደሆነ ግን አንዲት ቃል አልጻፍሽም። ትፈልጊዋለሽ? ዘጠኝ ዓመት የሠራሽ መሐንዲስ ነሽ፤ ሥራዬን እወደዋለሁ ብለሻል። የምትፈልጊው ከሆነ አለቃሽ ያውቃል? «ሥራዬን አይቶ ራሱ ያስበኛል» ብለሽ እየጠበቅሽ ከሆነ፣ ሐሳብሽን በቅጡ ያልሰማ ሰው ምኞትሽን ሳትነግሪው ሊሰማው እንደማይችል አስቢ። ባለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት የሠራሻቸውን ዲዛይኖች፣ አስቀድመሽ ያየሻቸውን ችግሮችና ያዳንሽውን ወጪ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ያዢና «ለዚህ ኃላፊነት እኔም እንድታሰብ እፈልጋለሁ» በይው። የባልደረባሽን ስም በዚያ ክፍል ውስጥ አታንሺ። ያኔ «ቀንታ ነው» የሚል ሰው ይጠፋል ብዬ አልዋሽሽም፤ አንዳንዱ ይል ይሆናል። ነገር ግን ዝም ብትይም ስም አይቀርልሽም፤ «ፍላጎት የላትም» ትባያለሽ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀልሽ ማወቅ የምትችይው አንቺ ነሽ።

ዝም ብዬ ደመወዜን ልቀበል ላልሽውም አልቆጣሽም። ልጅ የምታሳድግ ሴት የድካሟን ልክ ታውቃለች፤ የምትዋጊበትን ቀን መምረጥም መብትሽ ነው። እናቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይሉን ነበር። ያንቺ ዝምታ ግን መሠረት ውስጥ ይገባል፤ ዝም ማለት የሚያስቸግርበት ሙያ ነው የመረጥሽው። ሥራ ስለ መልቀቅ አሁን ባትወስኚ እመርጣለሁ። እነዚህን ነገሮች ሦስት ወር ያህል ሞክሪያቸው፤ ካልተለወጠ ያኔ ፈልጊ፤ ለቃለ መጠይቅ በምትቀርቢበት ድርጅትም የቴክኒክ ውሳኔዎች እንዴት እንደሚመዘገቡና ስብሰባ ማን እንደሚመራ ሳታፍሪ ጠይቂ።

የእሑዱን ቡና በተመለከተ ብዙ አልልሽም፤ ከሁሉ የሚቀለው እርሱ ይመስለኛል። አማትሽ የሚጠይቁት ልጃቸውን ስለሚያከብሩና ምራታቸውን በጥያቄ ማስቸገር ነውር ስለሚመስላቸው ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገው የባለቤትሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ድምፅሽን ከፍ እንድታደርጊ ከሚመክርሽ ይልቅ፣ በሚቀጥለው እሑድ ሲጠየቅ «አባባ፣ ይህን እሷን ይጠይቋት፤ ሙያው የእሷ ነው» ብሎ ስኒውን አንሥቶ ዝም እንዲል ለምኚው። ልጅሽ ፈንዲሻውን ይዛ አጠገባችሁ ተቀምጣለችና እርሷም ትሰማዋለች።

ልጨርስ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ የጣልያን ጦር በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ተመሽጎ የእኛ ሰው ግንቡ ሥር ባለቀበት ጊዜ፣ ምሽጉን ከመግጠም ይልቅ የውኃ ምንጩን መያዝ ይሻላል የሚለው ብልሃት የእቴጌ ጣይቱ እንደነበረ በታሪክ ተጽፏል፤ ምሽጉም በጥር ወር የተለቀቀው ውኃ ጥም ስለጸናበት ነው። በጦር አበጋዞች መካከል በሴት የተነገረ ሐሳብ ከነባለቤቱ ስም እስከ እኛ የደረሰው ለምን ይመስልሻል? እቴጌይቱ ብልህ ስለሆኑ ብቻ አይመስለኝም፤ ያሉትን የሚፈጽምና «እቴጌ እንዳሉት» የሚል የራሳቸው ሠራዊት ነበራቸው።

አንቺ ሠራዊት የለሽም፤ አንድ ሰው ግን አለሽ። በቅርቡ ተመርቃ ስለመጣችው ልጅ በረጅሙ ደብዳቤሽ ውስጥ የጻፍሽው አንድ መስመር እንኳ አይሞላም፤ እርሱም ቁጥር ለመናገር ነው። በፕሬዚዳንት ኦባማ የመጀመሪያ የሥልጣን ዘመን በዋይት ሐውስ ይሠሩ የነበሩ ሴቶች በወንዶች በተሞላው ስብሰባ ላይ አንዷ ጥሩ ሐሳብ ስታቀርብ ሌላዋ የተናጋሪዋን ስም ጠርታ ሐሳቡን እንድትደግመው ተስማምተው ነበር፤ ስሙ አብሮ ስለተጠራ ሌላ ሰው የራሱ ሊያደርገው አልቻለም። ይህን ለማድረግ ሁለት ሰው ይበቃል። ሰኞ ምሳ ጋብዣት፤ ስለ መረሬው ያልሽውን ሰምታ እንደነበረ ጠይቂያት፤ ሰምታ ከነበረ ለምን ዝም እንዳለችም ስሚያት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አስታውሺ፤ ባለፈው ማክሰኞ እርሷ ምን ብላ ነበር? የያዝሽውን ቃለ ጉባኤ አውጥተሽ ተመልከቺ። ስሟ ከሌለበትና ያለችውም ነገር ትዝ ካላለሽ፣ ስለ ራስሽ ከማውራትሽ በፊት መጀመሪያ ይህን ጠይቂያት።